ቤሪል ጨዋ የሆነችበት ቅዳሜ

በምኖርበት በእንግሊዝ አገር፣ ክላፍብሪጅ ገበያ የገባሁት ክር ልገዛ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ወደ ቤሪል ታተርሶል መደብ ሮጬ ከሸራው ሥር ተጠለልኩ። ቤሪል እንደ ልማዷ ከዕቃ መኪናዋ ጀርባ ባለው የእንጨት መድረክ ላይ ቆማ ሳህንና ኩባያ ትሸጣለች፤ ከፊቷ የቆመው ሰው ዕቃውን እያገላበጠ ያያል፣ ይነቅፋል፣ ይስቃል። ከፊት ረድፍ ዊልፍ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በጉብዝናቸው ጊዜ የሽመና ፋብሪካ መካኒክ ነበሩ፤ አሁን እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል። አንድ ኩባያ አንስተው ወደ ብርሃን ሊያዩት ሲሉ ከእጃቸው አመለጠና ድንጋዩ ላይ ተሰባበረ።

ሰዉ ጸጥ አለ። ሁሉም ዓይኑን ወዴት እንደሚያደርገው ጠፋው። ደግ ሰዎች በተሰበሰቡበት የሚወርድ፣ ለታመመ ሰው ግን ከስድብ የከፋ ጸጥታ ነበር። እኔ የቆምኩት ከመድረኩ ጎን ስለነበር ሌላው ያላየውን አየሁ። ቤሪል በእጇ የያዘችውን ደህና ኩባያ አንዴ አየት አደረገችና ጣቶቿን ከፈተች። ኩባያው ወርዶ እንክትክት አለ።

«አየህ ያደረግከውን፣ ዊልፍ?» አለች። «አንተ ጀመርክና ኩባያው ሁሉ መዝለል ተማረ። እስከ ዛሬ ጨዋ ልጆች ነበሩ።»

ሰዉ ሳቀ፤ ዊልፍም ሳቁ። ዕቃዎቹ ከሷ እጅ ለማምለጥ ቢጥሩ አይፈረድባቸውም ብለው መለሱላት። እሷም እጁ እንደ አሮጌ አውቶቡስ የሚንቀጠቀጥ ሰው ስለ ዕቃ ምን ያውቃል እያለች፣ ሌላ ኩባያ በጋዜጣ ጠቅልላ ከዘንቢላቸው ውስጥ አስቀመጠችላቸው። ስድቧን ለአፍታ አላቋረጠችም።

ከኋላ ግን አንዲት በደንብ የለበሰች ሴት ነበረች፤ ወደ ከተማችን ከመጣች ብዙም አልቆየችም። ያየችው የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው፤ አንዲት ነጋዴ ሴት በታመመ ሽማግሌ ላይ ስታላግጥ። ፊቷ በንዴት ቀልቶ ሰዉን ሰንጥቃ ወጣችና በቀጥታ ወደ ገበያው ኃላፊ ቢሮ ሄደች። አልፈርድባትም፤ ያየችው እውነት ቢሆን ኖሮ እኔም ይህንኑ አደርግ ነበር።

የገበያው ኃላፊ አቶ ፔምብሪ በዚያው ክረምት ከደቡብ የመጡ፣ ክራባታቸው ሁልጊዜ የጠበቀ፣ ቅን ሰው ናቸው። ቤሪልን አስጠርተው አቤቱታውን ነገሯት። የመደብ ፈቃድ በየፀደዩ የሚያድሰው የማዘጋጃ ቤቱ ኮሚቴ ሊሰበሰብ ቀርቦ ነበር። እስከዚያ ደንበኞቿን በትሕትና እንድታነጋግር፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም እሳቸው ራሳቸው ቆመው እንደሚያዩ ገለጹላት። ካልታረመች መደቡ ለሌላ ይሰጥ ብሎ ለኮሚቴው ከማቅረብ በቀር ምርጫ እንደሌላቸው ሲነግሯት፣ እጃቸውን ያሹ ነበር አለች። ጥፋቷን የጠሩበት ቃል ግን ከሁሉ ይልቅ አንገበገባት። «ኢንሶለንስ» አሏት፤ በእኛ ብልግና፣ የበታች ሰው አጉል ድፍረት እንደ ማለት ነው።

ይህን ለሀገሬ አንባቢ ላስረዳ። እኛ ደፋርን ዓይን አውጣ፣ አፈኛ፣ ምላሰኛ እንደምንል፣ እንግሊዞችም ድፍረትን በአካል ክፍል ይሰይሙታል። አንዱን ጉንጭ ይሉታል፣ ሌላውን ከንፈር፤ አንገት የሚሉት አለ፣ የባሰበት ሰው አንገቱ ናስ ነው ይባላል፤ ሐሞትም አለ። ከአሮጌ መጻሕፍት መሸጫ በገዛሁት መዝገበ ቃላት እነዚህ ሁሉ በአንድ ረድፍ ተደርድረው አንዱ የሌላው ምትክ መስለው ይታያሉ። ገበያ ውስጥ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ይህን ያስተማረችኝ ቤሪል ናት፤ ያስተማረችኝም ሕይወቷን በመተረክ ነው፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ከመኪናዋ ጀርባ በተደፋ ሣጥን ላይ ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ።

ሕፃን ሳለች አክስቷ ሳሚኝ ብትላት «ጢምሽን ከተላጨሽ በኋላ» ብላ መለሰች አሉ። አያቷ ከወንበር እስኪወድቁ ሳቁና ይቺ ልጅ ስጎ አላት አሉ፤ ለትንሽ ልጅ ድፍረት እንዲያ ነው የሚባለው፤ ምግብ እንደሚያጣፍጥ ነገር። ትምህርት ቤት ስትገባ ያው አፍ ሌላ ስም ወጣለት። መምህሯ ለምን ዘገየሽ ሲሏት፣ ያለ እኔ ትጀምራላችሁ ብዬ አልጠረጠርኩም አለች። ያን ጊዜ ነው ኢንሶለንስ የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው፤ መዳፏ ላይ ካረፈው አርጩሜ ጋር።

«ያ ቃል እንደ ዝናብ ነው፣ ሆዴ» አለችኝ። «ከላይ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ ሲዘንብ ታይቶ አይታወቅም። አለቃ ሠራተኛውን ይለዋል፤ ሠራተኛ አለቃውን ኢንሶለንት ነህ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

አልሰማሁም። እስከ ዛሬም አልሰማሁም።

ቀጥሎ የቤት ጫማ ፋብሪካ ገባች። ፎርማኑ ሴቶቹን እየተዟዟረ ፍጠኑ ሲል፣ አንተ ተቀምጠህ ብታሳየን ይቀለን ነበር አለችው። እሱ ደግሞ ከንፈር አለብሽ አላት፤ ከንፈር የሚባለው ዝም በል የተባለ ሰው ሲመልስ ነው። በዚያው ሳምንት አባረራት። እናቷ በዚህ አፍሽ ማን ያገባሻል፣ ማንስ ይቀጥርሻል ብለው አለቀሱ። አባቷ ሲድ ታተርሶል ግን በየገበያው የሸክላ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነበር። እራቱን ጨርሶ ሹካውን አስቀመጠና፣ «ይሄን አፍ እስከ ዛሬ በነፃ ስታባክኚው ኖረሻል፤ ነገ ከእኔ ጋር ትወጫለሽ» አላት።

እኛ አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል የምንለውን ሲድ በራሱ መንገድ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

በዚህ አገር የሸክላ ሻጭ አሠራር የታወቀ ነው። ዕቃውን ደርድሮ ገዢ አይጠብቅም። ከፍ ብሎ ይቆምና ሰዉን በስድብ ይሰበስባል፤ የተሰበሰበውም ይመልስለታል። ከዚያ ሙሉ የእራት ዕቃ፣ ዝርጉን ሳህን ከጎድጓዳው ጋር፣ ክንዱ ላይ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋና ወደ ላይ ወርውሮ በአንድ ድምፅ ይቀልበዋል። ዋጋውን ከላይ ይጀምርና መዳፉን እያጨበጨበ ያወርዳል፣ ያወርዳል፣ ሰዉ እጁን እስኪያነሳ። ስድቡ ከሌለ ሰው አይቆምም፤ ሰው ካልቆመ ዋጋ አይወርድም፤ ዋጋ ካልወረደ የሚገዛ የለም። ቤሪል በመጀመሪያ ቀኗ አንዲት ሴትዮ ይሄ የሻይ ዕቃ ለቤቴ አይመጥንም ብትላት፣ ለቤትሽ ሳይሆን ቤትሽን እንዲያስረሳሽ ነው አለቻት። ዕቃው ተሸጠ። ሴትዮዋ እየሳቀች ምን ዓይነት ጉንጭ ነው አለች፤ ቤሪልም ለአፏ የሚስማማውን ስም ያን ቀን አገኘች።

«ጉንጭ የሚባለው ለሚመልስልሽ ሰው ነው የሚሰጠው» አለችኝ። «ሰጥተሽ ትቀበያለሽ። መመለስ የማይችለውን ከነካሽ ግን ያ ጉንጭ አይደለም፤ ያ ጭካኔ ነው። እኔ በዕድሜዬ ያን አድርጌ አላውቅም።»

ከአቶ ፔምብሪ ቢሮ ተመልሳ እዚያው ሣጥን ላይ ስትቀመጥ ግን ሻይዋን እንኳ አልነካችም። መደቡ የአባቷ ነበር፤ ሌላ ሥራም አታውቅም። እኔ ስለ ኩባያው ያየሁትን ሄጄ ለኃላፊው ልንገራቸው ወይ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«ሆን ብዬ እንደጣልኩት ከተናገርሽ፣ አዘንኩለት ማለት ነው። ነገሩ ዊልፍ ጆሮ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ እዚህ ገበያ እግሩ አይረግጥም። መደቡ ይሂድ እንጂ አትነግሪም። ማይልኝ።»

ማልኩላት። ሳምንቱን በሙሉ ጠዋትም ማታም ስሟን በጸሎቴ አነሳሁ። ስለ ምላስ ኃጢአት ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ስለ ምላስ ምሕረት ግን የሰማሁት ጥቂት ነው። አምላክ ግን ሁለቱንም ያውቃል ብዬ ታመንኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። ቤሪል ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ እጇን አጣምራ ቆመች። አቶ ፔምብሪ ከአይብ ሻጩ ምሰሶ አጠገብ ቆመው ያያሉ። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ስትቀርብ ቤሪል በጥቂቱ ጎንበስ ብላ፣ «እንደምን አደሩ፣ እመቤቴ። ምን ልታዘዝዎት?» አለቻት።

ሴትዮዋ ዞር ብላ ከኋላዋ ያለውን አየች። ማንም አልነበረም። ሳህኑን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና ሄደች። ሁለተኛዋ ትንሽ ቆማ አየቻትና እጇን ያዝ አድርጋ፣ «ማን ነው የሞተው፣ የኔ እህት?» አለቻት። ቤሪል ማንም አልሞተም፣ ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ ስትላት፣ ሴትዮዋ አመሰግናለሁ የሚለውን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ከዚያ ወሬው ገበያውን ዞረ። የቤሪል ባል ሞቷል ተባለ፤ የለም ወንድሟ ነው ተባለ። ባሏ ፍራንክ ቤት ሆኖ ሬዲዮ እየሰማ ነበር። ዓሣ ሻጩ አንድ ትልቅ ዓሣ በወረቀት ጠቅልሎ ላከላት። ከሻይ ቤቱ ትኩስ ፓይ፣ ሥጋና ድንች በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ፣ መጣ። አንዱ ከሣጥኑ ላይ ቢጫ አበባ አስቀምጦ ባርኔጣውን አንስቶ አለፈ። የገዛ ግን አልነበረም፤ ከሐዘንተኛ ጋር በዋጋ መከራከር በዚህ አገር ነውር ነውና። እሷም ከሥራ ይልቅ ዓሣ ታቅፋ ቀረች። አቶ ፔምብሪ መጀመሪያ ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር፤ አበባው ሲመጣ ግን ግራ ገባቸው።

እኩለ ቀን ላይ ወይዘሮ ሂልዳ ክሮምፕተን በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፊት ረድፍ ቆመው ለቤሪል የሚመልሱላት እሳቸው ናቸው፤ ግማሹ ሰው የሚቆመው የሁለቱን ጭቅጭቅ ሊሰማ ነው። አንድ ሳህን አንስተው በዚህ ውሻዬም አይበላበትም አሉና መልሷን ጠበቁ።

«አስተያየትዎን አከብራለሁ፣ ወይዘሮ ክሮምፕተን» አለች ቤሪል።

ሂልዳ ባጠገባቸው ባለው ሣጥን ላይ ዘፍ አሉ። «ወይዘሮ ክሮምፕተን?» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚህ ስም የጠራኝ ቀባሪው ብቻ ነው። ምን አደረግኳት?»

ያን ጊዜ ነው ዊልፍ የመጡት። እጃቸውን ከካፖርታቸው ኪስ ከትተዋል። ቤሪል አየቻቸው፤ ምሰሶው አጠገብ ያሉትንም አየች።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ዊልፍሬድ። እባክዎ ጊዜ ወስደው ይመልከቱ። ዕቃ ካሻዎት እኔ አነሳልዎታለሁ።»

ዊልፍ ቆሙ። ከፊታቸው ደም ሲሸሽ አየሁ። ወደ መድረኩ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቤሪል፣ ሐኪሙን አግኝተሽዋል እንዴ?»

«የቱን ሐኪም?»

«የኔን። ለኔ ያልነገረኝን ነግሮሽ እንደሆን ንገሪኝ። ወንድሜ ሊሞት ሲል ሰዉ ሁሉ እንዲህ ነበር የሆነለት። በድንገት ሁሉም እርስዎ፣ እርስዎ ይለው ጀመር።»

ቤሪል የሳህን መደርደሪያውን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች። የአባቷ መደብ በአንድ ወገን፣ የሽማግሌው ፊት በሌላ ወገን ነበረ፤ ይህን ከቆሙት ሁሉ የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነበርን።

«አንተ ጅል ሽማግሌ» አለች፤ ድምፅዋ እስከ ዓሣ ተራ ተሰማ። «የምትሞተው ማን ፈቅዶልህ ነው? አንተ ከሞትክ ይሄን አፉ የተጣመመ ማንቆርቆሪያ ለማን እሸጠዋለሁ? ከአንተ በቀር ሁሉም ሰው ዓይን አለው።»

የዊልፍ ፊት ቀስ እያለ ተመለሰ። እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ይንቀጠቀጣል፣ ግን አልደበቁትም። «የተጣመመው ማንቆርቆሪያው አይደለም» አሉ። «አንቺ ስለያዝሽው ነው እንዲያ የሚመስለው።»

ሂልዳ ከሣጥኑ ላይ ተነሱ። «ተሻላት፣ ተሻላት» እያሉ በከዘራቸው መድረኩን ደበደቡ፤ ሰዉም ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ቤሪል የነጭ ሸሚዟን እጅጌ ጠቀለለች። ሙሉ የእራት ዕቃ ክንዷ ላይ ዘረጋች፣ ወደ ሸራው ወረወረችው፣ ቀለበችው፤ ድምፁ እንደ ደወል ነበር። ዋጋ ጠራች፣ ናቀችው፣ ቆረጠችው፣ መዳፏን አጨበጨበች፤ እጆች እንደ ሰንደቅ ተነሱ። ዓሣ ሻጩ ከሕዝቡ መካከል ሆኖ ማንም ካልሞተ ዓሣዬን መልሺ አላት።

«የሐዘን ዓሣ አይመለስም» አለችው። «ሽታው ራሱ ሐዘን ነው፤ ስንት ቀን አስቀምጠኸው ነበር?»

ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ያን ሰዓት አቶ ፔምብሪ ከምሰሶው ተነስተው መጡ፤ ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ወይዘሮ ታተርሶል፣ ተስማምተን ነበር አሏት። ዊልፍ ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ኃላፊው አልዋሹም፤ በታመሙ አዛውንት ላይ አላገጠች የሚል አቤቱታ መቅረቡን ነገሯቸው። አዛውንቱ ማን እንደሆኑ ለመረዳት ዊልፍ ጊዜ አልወሰደባቸውም።

«ጌታው» አሉ፣ «እጄ ከተንቀጠቀጠ ወዲህ ሰው ሁሉ እንደ ሕፃን ቀስ እያለ ያናግረኛል። ቤቴ የሚመጣው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እዚህ ከተማ ውስጥ አሁንም እንደ ሙሉ ሰው የምትሰድበኝ እሷ ብቻ ነች። በስሜ እሷን ከዚህ ካነሳህ፣ በምትኳ ምን ልትሰጠኝ ነው?»

ብዙ ኃላፊ እንዲህ ሲባል ደንቡን አንስቶ ያነባል። አቶ ፔምብሪ ግን ዊልፍን አዩ፣ አበባውን አዩ፣ ሣጥኑ ላይ የቀዘቀዘውን ፓይ አዩ። ከዚያ፣ «ያ ማንቆርቆሪያ ዋጋው ስንት ነው?» አሉ።

ቤሪል ከራስ ፀጉራቸው እስከ ጫማቸው አየቻቸው። የመደቡ ዕጣ ገና በእጃቸው ነበር።

«ለአንተ እጥፍ ነው» አለች። «ክራባትህ ይከፍላል።»

የኃላፊው ጆሮ ቀላ። መልስ ሲፈልጉ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እንደ ተማሪ አንጀቴን በሉት።

«በዚህ ዋጋ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሻዩን አብረሽ ትሸጪልኛለሽ፣ ወይስ ሻዩም እንዳንቺ ማንቆርቆሪያው እስኪሰበር ይጮኻል?»

ቀልዱ ያን ያህል አልነበረም። ግን መልስ ነበር። ሰዉ እንደ ኳስ ሜዳ አጓራ። ሂልዳ ከደቡብ ለመጣ ሰው መጥፎ አይደለም አሉ። ቤሪልም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ የምታውቀውን ትልቁን ምስጋና ሰጠቻቸው፤ ጉንጭ አለህ አለቻቸው። ማንቆርቆሪያውን ገዝተው በብብታቸው ይዘውት ሄዱ።

ኮሚቴው የተሰበሰበ ዕለት ገበያተኛው ሁሉ ሥራውን ዘግቶ የማዘጋጃ ቤቱን ደረጃ ሞላው። ውስጥ የተባለውን በኋላ ሰማን። አቶ ፔምብሪ ቆመው፣ አቤቱታውን ያቀረቡት ወይዘሮ በቅንነት እንዳቀረቡት፣ እሳቸውም በቅንነት እንደተቀበሉት፣ ሁለቱም ግን እንደተሳሳቱ ተናገሩ። የተጠቀምኩበት ቃል ትክክል አልነበረም፣ እዚህ ከተማ ሌላ ቃል አለ አሉ። ፈቃዷ ታደሰ። ከዚያም አልፎ ሰው እንደ ልብ እንዲቆምላት ከገበያው ትልቅ ሰዓት ሥር ያለው ሰፊ ቦታ ተሰጣት። ቤሪል በሩን ከፍታ ስትወጣ ጭብጨባው ርግቦቹን ከጣራው አስነሳ፤ ሂልዳም ከታች ሆነው ደረጃውን እንኳ በወጉ መውረድ አትችልም እያሉ በካፖርታቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። እኔ ጥግ ቆሜ በልቤ ተመስገን አልኩ። ያች አቤቱታ ያቀረበች ሴትም በሳምንቱ ልታይ መጣች። ቤሪል ለጀማሪ የሚሆን ለብ ያለ ስድብ ሰጠቻት፤ ሴትዮዋ ሰባት ሳህን ገዝታ እየሳቀች ሄደች።

የዚያኑ ቀን አመሻሹ ላይ ከሰዓቱ ሥር ዕቃዋን በጭድ ስትጠቀልል አገዝኳት። ሂልዳ ከፋሲካ በኋላ ለዳሌያቸው ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ሊገቡ ነው፣ በጋው እስኪያልቅ አይመለሱም አለችኝ። ከዚያ እጇን ከጭዱ አውጥታ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንድ ነገር ልለምንሽ፣ ሆዴ። አዲሱ ቦታ ሰፊ ነው፤ የሚመልስልኝ ሰው ከሌለ ብቻዬን እንደ እብድ ነው የምለፈልፈው። አንቺ ሁልጊዜ ጥግ ቆመሽ ከንፈርሽን ነክሰሽ ትስቂያለሽ። መልሱ አፍሽ ድረስ መጥቶ ስትውጪው አይቼሻለሁ፤ የምትውጪው ደግሞ ከሂልዳ የሚሻል ይመስለኛል። ቅዳሜ ጸሎትሽን አድርሰሽ ነይና ከፊት ረድፍ ቁሚ። ሰው ሁሉ እየሰማ ስደቢኝ። ታደርጊልኛለሽ?»